የሎሚው ደባሎች

ሚኒሶታ ውስጥ ሎሚ በፖት የሚያሳድግ ቤት ቡና የጠራው እንግዳ ሁሉ የግብርና ባለሙያ ነው። አንዷ «ብቻውን ምን ይሠራል? በሶብላ ጣል አድርጊበት እንጂ!» ትላለች። ሌላዋ ከቦርሳዋ ጤና አዳም ታወጣለች። ጋሼ ደግሞ ናና ካልተተከለ ፖቱ ባዶ ይመስላቸዋል። ሐምሌ ላይ ሎሚው በ40 ሳንቲሜትር ፖት ውስጥ ሦስት ደባል ይዞ ይገኛል፤ ማዳበሪያው የሚገዛው ግን በእሱ ስም ነው።

ጠቡ የሚጀመረው በውሃ ነው። ሎሚ የላይኛው አፈር 5 ሳንቲሜትር ያህል ሲደርቅ አንድ ጊዜ በደንብ መጠጣት ይወዳል። በሶብላ በሐምሌ ሙቀት በየቀኑ ካልጠጣ ቅጠሉን ጥሎ ያለቅሳል። ለአልቃሻው ሲታዘን ዝምተኛው ሥሩ ይበሰብሳል። ናና ደግሞ ከአፈር ሥር እየተሳበ በአንድ ወቅት ፖቱን ይዞርና ሎሚውን ደባል ያደርገዋል። ጤና አዳም ውሃ አያበዛም፤ ነገር ግን እየተንዠረገገ ግንዱን ያፍናል፣ ጭማቂውም ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቆስላል። ደግሞ ከሎሚ ጋር በዕፅዋት ዝምድና አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሽማግሌ ቢጠየቅ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይፈቅድም ነበር። ለየብቻ ፖት ተሰጥቷቸው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን ሁሉም ሰላም ነው።

ደባል የግድ ከሆነ ጦስኝ ይግባ። ሥሩ አይጠልቅም፣ ደረቅ አፈር ይችላል። ሁለት ችግኝ ከግንዱ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ርቆ፣ የተዳቀለበት ቋጠሮ (ግንዱ ሥር ሁለቱ ዛፎች የተጋጠሙበት እብጠት) ሳይሸፈን፣ ይበቃል። ደጅ ላለበት ጊዜ አሊሰም የሚባለውን ትንሽ ነጭ አበባ መጨመር ይቻላል፤ አበባው የሚጠራቸው ዝንቦች እጮቻቸው ክሽክሽ የሚባለውን ቅጠል መጣጭ ተባይ ይበላሉ። የቡና አተላ ግን ፖት ውስጥ አይደፋም፤ ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ትንንሽ ዝንብ ያፈራል። ይህን ለእንግዳ መንገር ከባድ ነው፤ እሷ እኮ እየመረቀች ነው የደፋችው።

ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር፣ ማለትም ደመራ ሳይበራ፣ ሎሚው ቤት ይገባል፤ አሊሰሙ ተነቅሎ ይቀራል። ከመግባቱ በፊት በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ የቅጠሉ ጀርባ ይታጠባል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ሳምንት። ማሞቂያ ያደረቀው ቤት ለቀይ ሸረሪት መሰሏ ተባይ ገነት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ያኔ ቅጠሉ ላይ ይታያል።

ጥር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል። የበላው መስኮቱ ነው፦ ቅጠሉ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ያለው ሥር ደግሞ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ባለቤቷ ደንግጣ ውሃ ትጨምራለች፤ ለሥሩ መበስበስ ሌላ ዕድል። ፖቱን ከወለሉ በጣውላ ከፍ ማድረግና ውሃ መቀነስ ይሻላል።

ከአበባ እስከ ብስል ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል፤ የግንቦቱ አበባ ለጥምቀት ይደርሳል። ስምንት ወር የተለፋባትን ሎሚ ማንም ደፍሮ አይወረውራትም። በሶብላ ያስተከለችው እንግዳ ግን ጉንፋን ይዟት ትመጣለች፤ ዓይኗም ከሻዩ ቀድሞ መስኮቱ ጋ ይደርሳል።