ማወቅ ብቻውን ሲጋራ አያስጥልም

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል በግቢው ውስጥ ሲያጨሱ የተገኙ ባለሙያዎቹን ከደመወዛቸው እየቆረጠ ለመቅጣት ወስኗል። ውሳኔው በተነገረበት ስብሰባ አንዲት ነርስ ‹‹መተው ለሚፈልግ ሰው እዚሁ የምክር አገልግሎት ይከፈትልን›› ብላ ጠየቀች። ከመድረኩ የተሰጣት መልስ ከቅጣቱም የከፋ ነበር፦ ‹‹የጤና ባለሙያን ስለ ሲጋራ ምን ብለን እንመክረዋለን? ጉዳቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ባለ መድኃኒት ሆይ፣ ራስህን ፈውስ!››

የሆስፒታል ግቢ ከጭስ ነጻ መሆን አለበት፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ይህንኑ ያዛል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ‹‹ያውቀዋል›› የሚለው መልስ ከሕክምና ተቋም ኃላፊ አፍ መውጣቱ ግን ያሳፍራል።

ትርፍ አንጀቱ የታመመበትን ቀዶ ሐኪም ‹‹ሙያው ያንተ ነው፣ ራስህን ቅደድ›› የሚለው ማነው? ሱስም ሕመም ነው። በሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ሲቋረጥ ደግሞ ንጭንጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የሐሳብ መበታተኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይበረታል፣ ለሳምንታትም ይቆያል። ያለ ማንም እርዳታ ለመተው ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ዓመት ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የሕክምና ዲግሪ ከዚህ ሁሉ ያድናል ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ሱስ ምንም አልገባውም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳር ተረኛዋን ነርስ ተመልከቷት። ጋወኗን አውልቃ ከልብስ ማጠቢያው በር ላይ ትሰቅላለች፤ ከጀርባው ቆማ በጥድፊያ ታጨሳለች፤ ጣቶቿን እስከ አንጓዋ ድረስ በአልኮል ታሻለች፤ ማስቲካ አፏ ውስጥ ትጨምርና ለሕፃን የሚሰጥ የመድኃኒት መጠን ልታሰላ ትመለሳለች። ይህች ሴት የሳንባ ካንሰርን ስለማታውቅ ነው የምታጨሰው? ነገ ከደመወዟ ቢቆረጥ የምትለውጠው የምትደበቅበትን ቦታ ነው። ይባስ ብሎ፣ እንዲያ የምትሸማቀቅ ባለሙያ በሽተኛዋን ‹‹ታጨሳለህ?›› ብላ ለመጠየቅ አንደበቷ ይታሰራል። ያን ጥያቄ ያልተጠየቀው ታካሚም የቅጣቱ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

የሲጋራን ገዳይነት ለዓለም ካረጋገጡት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እኮ በሐኪሞች ላይ ነው። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአምስት አሥርት ዓመታት ክትትል የተደረገባቸው የብሪታንያ ሐኪሞች ማጨስ ከዕድሜ በአማካይ 10 ዓመት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በ40 ዓመት የተወ ሰው ከዚያ ውስጥ 9 ያህሉን ያተርፋል። ለአንዲት ነርስ 9 ዓመት የሚሰጥ ሌላ ምን ዓይነት ሥልጠና አለን?

አዲስ ሕንፃ አልተጠየቀም። ለኤችአይቪ የምክር አገልግሎት የሚያገለግል ክፍል አለ፤ ሰው ሳይገሥጹ ማነጋገር የሚችሉ አማካሪዎችም አሉ። በግሣጼ ማንም ሰው ለምርመራ እንደማይመጣ ከማንም በላይ የተማርነው እኛ ነን። የሚፈለገው በሥራ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ የሚተውበትን ቀን አብሮ መቁረጥ፣ በዚያ ክፉ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ መከታተል፣ በተጨማሪም የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ቆዳ ላይ የሚደረግ ልጥፍ ነው። ይህ መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነትም በአንቀጽ 14 ማጨስ ለማቆም የሚሹትን መርዳትን ግዴታ ያደርጋል፤ የአፈጻጸም መመሪያው የሚያጨሱ የጤና ባለሙያዎችን ለይቶ ይጠቅሳል። አዋጁን ለቅጣት የሚጠቅስ ኃላፊ ይህን አንቀጽ እንዴት ዘለለው?

‹‹አጫሾቹ ጥቂት ናቸው›› የሚሉም አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚ ጎልማሶች 5 በመቶ ነበሩ፤ እውነት ነው። ጥቂት ከሆኑ ወጪው አነስተኛ ነው፤ እንግዲያው ዛሬውኑ ይጀመር።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታሰብበት፦ አማካሪው ዘንድ የተነገረ ነገር ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር መዝገብ አይሻገር። የሚያጨሱ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር የሚጠይቅ ኃላፊ ካለ፣ ያን ክፍል ማንም አይረግጠውም፤ እኔም ማንንም ሂድ አልልም።