የመላኪያው ገንዘብ የማን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የገዛውን ዕቃ ሐሳቡን ለውጦ የሚመልስ ሰው፣ ከዕቃው ዋጋ ጋር መጀመሪያ የከፈለው የመላኪያ ገንዘብም ይመለስለታል። ይህ ተገቢ ነው? ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚኖሩት ጀርመን ነው። አንዷ ሸማች ናቸው፤ ሌላው የአገር ባህል ልብስና የቡና ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጣሉ።

ሸማቿ፦

ተገቢ ነው። ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ይዳስሳል፣ ጫማውን ይለካል፣ ካልወደደው አመስግኖ ይወጣል፤ ስለ ገባ ብቻ የሚያስከፍለው የለም። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ግን ያየው ፎቶግራፍ ነው። ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ 14 ቀን የተሰጠው፣ ሌላው ሱቅ ውስጥ የሚያደርገውን እሱ ቤቱ ሆኖ እንዲያደርግ ነው። ለዚህ ሙከራ መላኪያውን ይቀጣ ካልን መብቱን በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው ነጠቅነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የለየለት ነው። ሃይንሪሽ ሃይነ የተባለ የጀርመን ድርጅት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ 4.95 ዩሮ መላኪያ ያስከፍል ነበር፤ ደንበኛው ዕቃውን ሁሉ ቢመልስም ይህችን አይመልስም። ኖርድራይን ቬስትፋለን የተባለው የጀርመን ግዛት የሸማቾች ማኅበር ከሰሰው። ክርክሩ ሉክሰምበርግ ድረስ ሄዶ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2010 ለሸማቹ ፈረደ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ መላኪያውን እንደሚያጣ የሚያውቅ ገዢ ከውሉ ለመውጣት ያመነታል። በኋላም ቁጥር 2011/83 የተባለው የኅብረቱ መመሪያ ይህንኑ በጽሑፍ አጸናው፤ ከጁን 2014 ጀምሮ ሻጩ መላኪያውን ጨምሮ የተከፈለውን ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት።

4.95 ዩሮ ምን አላት የሚል አይጠፋም። ሸሚዙ 20 ዩሮ ከሆነ የዋጋው ሩብ ያህል ናት።

ነጋዴው፦

እህቴ፣ ሕጉን አውቀዋለሁ፤ በየወሩ እከፍለዋለሁና። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አጓጓዡ ዕቃውን ተሸክሞ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ አስረክቧል። ሥራው ተሠርቶ አልቋል። ጥቅሉ ተመለሰ ብዬ ገንዘቤን ብጠይቀው ይስቅብኛል። ታዲያ ለተፈጸመ አገልግሎት ያዘዘው ሰው ሳይሆን እኔ የምከፍለው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ዕቃውን ባይወደው እንኳ ለሞተረኛው ሒሳቡን ይሰጠዋል፤ ልፋቱን ሁሉም አይቷል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ጥቅል ስለሚልኩ ከአጓጓዡ ጋር ዋጋ ይደራደራሉ። እኔ የምከፍለው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ደንበኛዬ አንዱን የሐበሻ ቀሚስ በሦስት ቁጥር አዝዛ ሦስቱንም ስትመልስ፣ አንዲት ሳንቲም ሳላተርፍ ለላክሁት ከባድ ጥቅል ተቀጣሁ ማለት ነው። ኪሳራውን የት እንደማስገባው ልንገርዎት? የሌሎቹ ዋጋ ላይ። የሚመርጠውን አስቦ አንድ ገዝቶ የሚያስቀር ሰው፣ ሳያስብ ለሚያዝዘው ይከፍላል። ይህን ፍትሕ የሚለው ካለ እንዲያስረዳኝ እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት ጀርመን ውስጥ ከ40 ዩሮ በላይ የሆነ ዕቃ ሲመለስ የመመለሻውን ወጪም የሚሸከመው በአብዛኛው ሻጩ ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን ከላያችን አነሣልን፤ ደግ አደረገ። የመመለሻው ጉዞ የገዢው ወጪ መሆን ከቻለ የመሄጃው ለምን አይችልም? መንገዱ ያው አንድ ነው።

ሸማቿ፦

አንድ አይደለም። የመመለሻውን ገዢው አስቦበት፣ ዋጋውን አወዳድሮ ይመርጠዋል፤ የመሄጃውን ግን ዕቃውን ሳያይ፣ እርስዎ በወሰኑት ዋጋ ከፍሏል።

የአዲስ አበባውን ስላነሡት፣ እዚያ ገዢዋ ዕቃውን በር ላይ ገልጣ ታየዋለች። ካልሆነላት ለሞተረኛው መልሳ ትሰጠዋለች፤ የዕቃውን ዋጋ አስቀድማ ካልከፈለች ገንዘቧ ከእጇ አልወጣም። እዚህ ግን ገንዘቡ ከዕቃው ቀድሞ እርስዎ ዘንድ ነው።

ደግሞም ሕጉ እርስዎን ራቁትዎን አልተወዎትም። ተራው መላኪያ 5 ዩሮ ሆኖ ደንበኛው ፈጣኑን በ15 ከመረጠ የሚመልሱት 5ቱን ብቻ ነው። ዕቃው ወይም ተመልሶ የተላከበት ማስረጃ እስኪደርስዎ ገንዘቡን መያዝ ይችላሉ። ሰርግ ተውሎበት የመጣ ቀሚስ ከሆነ የቀነሰውን ዋጋ ይቆርጡለታል። ደንበኛዋ በሰጠችው ልክ የተሰፋ ቀሚስ ከነጭራሹ በዚህ መብት ውስጥ አይገባም። የመመለሻውን ወጪ ገዢው እንደሚሸከም ግን አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልነገሩት እሱም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ዛራን የሚያህል የልብስ ድርጅት እንኳ በ2022 ብሪታንያ ውስጥ በፖስታ ለሚመለስ ዕቃ 1.95 ፓውንድ መቁረጥ ጀምሯል።

ጀበናው ተሰብሮ ከደረሰ ግን ያ ሌላ ነው። ሐሳብ የለወጠ የለም፤ መሄጃውም መመለሻውም የእርስዎ ዕዳ ነው።

ነጋዴው፦

የተሰበረውን መች ተከራከርሁ? ጀበና በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚልክ ነጋዴ ይክፈል።

ግን ይህን ይመልሱልኝ። ደንበኛዬ በአንድ ጥቅል ሦስት አዝዛ ሁለቱን መለሰች፤ አንዱን አስቀረች። መላኪያው አንድ ጊዜ ነው የተከፈለው፤ ያስቀረችውም በእሱ ነው የደረሳት። መመሪያው ስለዚህ በግልጽ የሚለው የለም። እኔ አልመልስም እላለሁ፤ እሷ ሁለት ሦስተኛውን ትጠይቃለች። ለ3 ዩሮ ጠበቃ አንቆምም፤ እኔ እከፍልና ተፋፍረን እንለያያለን። ሽያጫቸው አነስተኛ ለሆነ ሱቆች፣ ለአጓጓዡ የከፈሉትን በደረሰኝ አሳይተው እንዲያስቀሩ ቢፈቀድ ገዢውን ምን ይጎዳዋል?

ሸማቿ፦

ባስቀረችው ላይ እስማማለሁ፤ አንድም ብታዝዝ ያንኑ ትከፍል ስለ ነበር መጠየቅ የለባትም። ለአነስተኛ ሱቅ ልዩ ሕግ ይውጣ በሚለው ግን አልስማማም፤ የሚጎዳውም ራስዎን ነው። እኔ ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ ሱቅ ደፍሬ ነጠላ ያዘዝሁት፣ መብቴ ከትልቁ ድርጅት ዘንድ ካለኝ መብት እንደማያንስ ስለማውቅ ነው። ያንን ካነሡብኝ ወደ ትልቁ እሄዳለሁ።