መንገዱ ሳይቀየስ ጥናቱ ይነበብ

ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር ወሬው ስለ መንገድ ነው። ከሞጆ የሚነሳው ፈጣን መንገድ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። በአሮጌው መንገድ ላይ ከባድ መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ሲጋፉ ያየ ሰው ይህን መንገድ አይጠላም፤ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን ስለ ካሳ የማያነሳ ሰው አላጋጠመኝም፤ መንገዱ በመሬት፣ በውኃና በሰው ላይ የሚያደርሰውን አስቀድሞ ስለሚመረምረው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ያነሳልኝ ደግሞ አንድም አልነበረም።

በምኖርበት በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሰፈሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የክፍያ መንገድ አለ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ታስቦ መኪና የተነዳበት በ2011 ነው። ጥናቱ ተጀመረ፣ ተተቸ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ተነሳ፣ ፍርድ ቤትም ደረሰ። በመጨረሻ ጅረቶችን የሚሻገሩ ድልድዮች እንዲረዝሙ ተደረገ፤ በመስመሩ ላይ የነበሩ ኤሊዎች ሳይቀሩ ተለቅመው ወደ ሌላ ጫካ ተወሰዱ። ሐዋሳ ግማሽ ምዕተ ዓመት ትጠብቅ አልልም። የምቀናው ሌላ ነው፦ በፈረንጆቹ 1970 የጸናው የአሜሪካ ሕግ «መንገዱ ባይሠራስ?» የሚለው አማራጭ ጭምር እንዲመረመር ያስገድዳል፤ ረቂቅ ጥናቱም ለብዙ ዓመታት ቢያንስ ለ45 ቀናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆን ነበር። ይህም በችሮታ አልመጣም። ከዚያ በፊት አውራ ጎዳናዎች የጥቁሮችን ሰፈሮች እየሰነጠቁ አልፈዋል።

እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጠዋል። ታዲያ ለመንገዱ ገንዘብ ባበደረ ተቋም ድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀመጠ ወፍራም ሰነድ በጥቁር ውኃ ወንዝ ዳር ከብት ለሚያግዱ አባት ምን ይረባቸዋል?

ጥቁር ውኃን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ እርሱ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ደለልም ሆነ የመኪና ዘይት ከገባ እዚያው ይቀራል። ከወንዙ በላይ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ለሐይቁ እንደ ወንፊት ሆኖ ደለሉን ያስቀርለታል። በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ የአፈር ሙሌት ተከምሮ በቂ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ካልተቀበረበት፣ አንዱ ወገን በጎርፍ ይዋጣል፣ ሌላው ይደርቃል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጡ ሰዎች እንጀራ የተንጠለጠለው በዚህ ውኃ ላይ ነው።

አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ በክረምት ውኃው በየት በየት እንደሚሄድ ቢጠይቁን በእግራችን እየመራን እናሳያቸው ነበር» አሉኝ። ይህ ለመሐንዲስ ትልቅ መረጃ ነው፤ ነጻም ነው።

ፈጣን መንገድ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። መጋቢ መንገዶች፣ ነዳጅ ማደያዎችና መጋዘኖች ይከተሉታል። ቢያንስ ለእነዚህ ካስማ ከመተከሉ በፊት፣ የጥናቱ ጭምቅ ሐሳብ ቱቦዎቹ ከሚቀበሩበት ካርታ ጋር በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም በስብሰባ ይነበብላቸው፤ የሰጡት አስተያየትና የተሰጣቸው መልስ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይውጣ።