ማስተካከያ፦ ለኤክሴል የዳታቤዝ ስህተት እንደገና መጫን መፍትሔ አይደለም

ኤክሴል ከዳታቤዝ ጋር ሲገናኝ «ፕሮቫይደሩ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተመዘገበም» እያለ ካስቸገረ፣ መፍትሔው ኤክሴልን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው የሚል ምክር ቀደም ሲል ወጥቶ ነበር። ይህ መስተካከል አለበት።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤክሴልም የፋይሉም አይደለም፤ በመካከል ሆኖ ኤክሴልን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ ነው (መልእክቱ «ፕሮቫይደር» የሚለው እሱን ነው)። ወይ ጭራሽ አልተጫነም፣ ወይ ከኤክሴሉ ጋር አይገጥምም። ባለ 32 ቢት ኤክሴል ባለ 64 ቢት ድራይቨርን አያየውም፤ የተገላቢጦሹም ያው ነው። ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት ስለሆነ ኤክሴሉም እንደዚያ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

መጀመሪያ ኤክሴል ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት»፣ ከዚያ «አባውት ኤክሴል» የሚለውን ተጫኑ። የሚከፈተው መስኮት አናት ላይ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ ተጽፏል። ድራይቨሩንም በዚያው ልክ ጫኑ።

በኦዲቢሲ (ODBC፣ ፕሮግራሞችን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ የተለመደ መንገድ) ለምትገናኙ ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ የኦዲቢሲ ማስተካከያው ሁለት ነው፤ ባለ 64 ቢቱ የሚገኘው ግን «ሲስተም32» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው! በስሙ እንዳትሸወዱ። «ሲስተም ዲኤስኤን» (የዳታቤዙን የግንኙነት መረጃ በስም የሚይዝ ቅንብር) የፈጠራችሁት ኤክሴሉ በማይጠቀምበት በኩል ከሆነ፣ ስሙ በትክክል ቢጻፍም ኤክሴል አያገኘውም።