በኮምፒውተር መፈተንና ኮምፒውተር መማር

ለንደን የምትማረው የእህቴ ልጅ ኤ ሌቭል (የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ መርጣለች። ከውጤቷ 20 በመቶው የሚገኘው ከአንድ ፕሮጀክት ነው። ፕሮግራሙን የሚገለገልበት ሰው ራሷ ፈልጋ፣ ችግሩን ጠይቃ፣ ሠርታና ፈትሻ፣ ሂደቱን በሙሉ ጽፋ ታስረክባለች። እሷም የእናቷን እቁብ መረጠች።

ለእቁቡ ዳኛ ስታሳያቸው አጠገባቸው ነበርኩ። አንዴ ስትጫን ባለዕጣው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ እኔ ወረቀቱን ስጠቀልል ሁሉም ያየኛል። ይሄ ማሽን ለማን እንደሚያደላ በምን ይታወቃል?» አሏት። መልስ አልነበራትም። ኋላ ስታጣራ፣ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ በፓይተን ጀማሪ ሁሉ የሚለምደው የዕጣ ማውጫ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ በስሌት የሚሄድ ሆኖ አገኘችው፤ መነሻውን ያወቀ ሰው ቀጣዩን ዕጣም ማወቅ ይችላል። ለምስጢራዊ ሥራ በተዘጋጀው ሌላ ማውጫ ተካችው፤ የጋሼንም ጥያቄ ሪፖርቷ ውስጥ አሰፈረችው።

እንግሊዝም ብትሆን እዚህ የደረሰችው ተወቅሳ ነው። የጉግሉ ኤሪክ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2011 ኤድንብራ ላይ፣ ትምህርት ቤቶቻችሁ ሶፍትዌር መጠቀም እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አያስተምሩም ብሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 መስከረም ጀምሮ አጠቃቀም ላይ ያተኮረው አይሲቲ ቀርቶ፣ የ5 ዓመት ልጅም የሚጀምረው፣ ፕሮግራም መጻፍን የሚያስተምረው ኮምፒዩቲንግ ተተካ። (እስከ ዛሬ ተማሪውን ኮድ በእስክሪብቶ የሚያስጽፍ የፈተና ቦርድ መኖሩ ግን ይገርመኛል።)

አገር ቤት ሄጄ የዘመድ ልጅ ደብተር ገለጥኩ። የራምና የሮም ልዩነት፣ የኮምፒውተር ትውልዶች፣ ሁሉም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ መምህሩም እንደዚያው። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። የማይፈተኑበትን ማን ያጠናል? በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ያንኑ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ተፈተኑ! ከዚያ በፊት ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የሚፈተነው ፊዚክሱን ነው ወይስ ማውዙን?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (ፕሮግራም ጻፊዎች) ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ ሰርተፍኬትም አለው። ጥሩ ጅምር ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ልጁ ብቻውን ስልኩ ላይ ጀምሮ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ «ለማን ነው የሠራኸው?» ብሎ እንደ ጋሼ የሚያፋጥጠው የለም። እቁቡ፣ እድሩ፣ የሰፈሩ ሱቅ የዱቤ መዝገብ አጠገቡ እያለ።

ይህን የፕሮጀክት ነገር ለአንድ የአገር ቤት መምህር ባነሳለት ሳቀብኝ። «በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ አለኝ፤ ስልሳውን ፕሮጀክት ማን ያርመዋል?»