ፈተናውን ደፍና ብስኩት የገዛችው ልጅ

የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። በቅርቡ የሳይንስ ፈተና ላይ የምግብ ክፍሎችን ከነምሳሌያቸው ጻፉ ተብለው ደፍናዋለች። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ለገንቢው እንቁላልና ወተት፣ ለተከላካዩ ብርቱካንና ካሮት ብላለች። ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስለነበር ልቀበላት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ወዲያው እጇን ዘረጋች። ብሩን ተቀብላ ፊት ለፊት ካለችው የሸራ ሱቅ ክሬም ያለው ብስኩትና ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ጣፋጭ ውኃ ገዛች። ጧት የበላችው የትናንት እንጀራ በሻይ ነው። «አሁን የጻፍሽውን እንቁላል ትተሽ ይኼን?» ብላት ዐይኗን አፍጣ «ሌላ ምን ይሸጣል ታዲያ፣ አጎቴ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሱቋን ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ በላስቲክ የታሸገ ችፕስ፣ ማስቲካ። ልጅቷ ትክክል ናት።

ጎጃም ጤፉንና በቆሎውን በመኪና ጭኖ ለሌላው የሚልክ አገር ነው። እኛም ጎተራው ከሞላ ልጁ የጠገበ ይመስለናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች መሆኑን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት የክልሉ ወደ 41 ወረደ፤ የአገሪቱ 37 ሆነ። ቁጥሩ የክልሉ እንጂ የጎጃም ብቻ አይደለም። ቢሆንም መቀንጨርን የድርቅ አገር ጣጣ አድርገን ለሰሜኑ ትተነዋል። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሐምሌ 2007 ሲገባ ሥራው ከተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች መጀመሩ ተገቢ ነበር፤ የቸገረው ይቅደም። ትርፍ አምራች የተባለው አካባቢ ግን ስሙን ሰምቶ ተኛ። ሆድ ሞልቶ ሰውነት ሊራብ እንደሚችል የሚነግረው ሲያጣ እንዴት አይተኛ?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሳያስተምሩ ቀርተው አይደለም። የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ላይ ተገኝቻለሁ። አንዷ እናት ዱቄት፣ አንዷ ካሮት፣ አንዷ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ ገንፎው በጋራ ይሠራል፣ ሕፃናቱ ይበላሉ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ግን እንቁላሉን ገለባ ውስጥ ደርድራ የተቀመጠች እናት አገኘሁ። ከደረደረችው አንዷን እንኳ ለልጇ አስቀርታ እንደሆን ጠየቅኋት። «ልጄ እንቁላሉን ከበላው ደብተሩን በምን ልግዛለት፣ ጋሼ?»

ይህችን ሴት ግንዛቤ የላትም የሚል ሰው ቢመጣ አልሰማውም። በገጠር ቤት የእንቁላል ብር ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ባሏን ሳትጠይቅ የምታወጣት ብቸኛ ብር ናት። ጨውና ዘይት ይገዛባታል፣ ደብተርም ይገዛባታል። «ለልጅሽ አብዪ» ስንላት ያቺኑ ብር ልቀቂ ማለታችን ነው። ይህ በፖስተር አይፈታም። ሁለት ዶሮ የነበራት አራት እንዲኖራት ማድረግ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ጾሙም አለ፤ ጎጃም ሆኖ ሳያነሱት ማለፍ አይቻልም። የጾሙ ቀናት በዓመት ከ180 አያንሱም። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ጹም አላለችም፤ ግዴታው የሚጀምረው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። ግን የሁለት ዓመቱ ልጅም እናቱ የምትጾመውን ይጾማል፤ ድስቱ ፍስክ እንዳይነካ ነዋ። ለልጁ ለብቻው ትንሽ ድስት መለየት ይበቃል። ይህን እኔ ብናገር የሚሰማኝ የለም፤ የንስሐ አባት አንድ ቀን ቢናገሩት ግን ያልቃል።

አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። መቀንጨር የሚወሰነው ከእርግዝና ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ነው፤ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ አልፎበታል፤ ታዲያ የትምህርት ቤት ምግብ ምን ያደርጋል? እውነት ነው። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ ግን ጥቂት ዓመት ቆይታ እናት ትሆናለች፣ በእኛ አገርማ አንዳንዷ ሳትጨርስ ትዳራለች። ደሟ አንሶ ብትወልድ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ደግሞም ጤና ኬላ የሚሄደው እናቱን የሚከተል ሕፃን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሴቱም ወንዱም፣ የነገ አባወራውም አለ።

ብዙ ትምህርት ቤት በግጭቱ በተዘጋበት ዘመን ስለ ቁርስ ማውራት ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። ክፍት ሆኖ የቀረው ግን የሚመራበትን ደንብ ዛሬውኑ ማውጣት ይችላል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ምግብ አብስለው ያብሉ እያልሁ አይደለም፤ እሱ በጀት ይፈልጋል። የምለው በሩ ላይ ስለሚሸጠው ነው።

ጎጃም በር ላይ የሚሸጥ ነገር አጥቶ አያውቅም። ግብጦ አለን። ተቆልቶ በወራጅ ውኃ ለቀናት ተዘፍዝፎ መራራው ሲወጣለት የሚበላው ይህ እህል በደረቁ ቢመዘን ሲሶው ፕሮቲን ነው። እኛ ግን የአረቄ ማጣጫ አድርገን ዘነጋነው። ዳጉሳም እንደዚሁ ለጠላና ለአረቄ ተተወ፤ እንጀራው ጠቆረ ብለን አፈርንበት። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለ፤ በዚያው ልክ የላም ወተት ያለው ወደ 120 ነው። ሰውነት የእህሉን እንደ ወተቱ አይወስደውም፤ ብቅል ሲሆንና ሲቦካ ግን ይሻለዋል። የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች ከጮቄ ተራራ ግርጌ ድረስ ሞልቷል። በቆጋ መስኖ የሚለማው መሬት 7,000 ሄክታር ነው፤ ከመራዊ አትክልት ተጭኖ ሲወጣ የዚያው ሰፈር ተማሪ ከረሜላ ይመጥጣል።

የትምህርት ቤቶች ጓሮም ይገርመኛል። በማውቀው አንድ ግቢ ተማሪዎች ጎመን ይተክላሉ፣ ያጠጣሉ፣ ያርማሉ። ሲደርስ በጨረታ ይሸጥና ገቢው ለጠመኔ ይሆናል። ጠመኔ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ከአሥር መደብ ሁለቱ እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ተቀቅሎ ልጆቹ ቢቀምሱት፣ «በሽታ ተከላካይ» የሚለው ቃል ጣዕም ይኖረው ነበር።

በማግስቱ ወደ ሸራዋ ሱቅ ተመልሼ ባለቤቷን ግብጦና ንፍሮ ለምን እንደማትሸጥ ጠየቅኋት። ሳቀች።

«ድሮ እሸጥ ነበር። ልጣጩ ግቢ ያቆሽሻል ብለው ከለከሉኝ፤ ብስኩት አምጭ አሉኝ፣ አመጣሁ።»

«የብስኩቱ ላስቲክስ?»

«እሱንማ ነፋስ ይወስደዋል።»