ቡድኑ እንዲሸነፍ የምትመኝ ደጋፊ፣ ላንተ ነው

ወገኖቼ፣ የኳስ ወዳጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ስሙኝ።

ቡድናችሁ ተሸንፏል። በሳምንቱ ደግሞ ተሸንፏል። የቡድናችሁን ስም ከሰንጠረዡ ግርጌ ጀምራችሁ የምትፈልጉበት ጊዜ መጥቷል። አሰልጣኙ ከጨዋታ በኋላ ይወጣና «ልጆቹ ጥረዋል፣ ዕድል ከእኛ ጋር አልነበረችም» ይላል። ደማችሁ ይፈላል። ይኼ ይገባኛል። ደጋፊ ካልተናደደ ማን ይናደድ? ቡድኑ የናንተ ነው። ተጫዋቹ ይሸጣል፣ አሰልጣኙ ይሄዳል፣ ባለሀብቱም ትርፉን ይዞ ይወጣል። እናንተ ግን አላችሁ።

የማልቀበለው ከንዴቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። «ቅዳሜም ይሸነፉ፤ ያኔ ይባረርልናል» የምትሉትን። ተጋጣሚ ጎል ሲያገባ የምታጨበጭቡ አላችሁ። የራሳችሁ ቡድን በ90ኛው ደቂቃ አቻ ሲሆን «በቃ፣ ሥራው ተረፈለት» ብላችሁ ፊታችሁን የምታጠቁሩ አላችሁ። ይኼን ድጋፍ ብላችሁ አትጥሩት። ለክለቡ ስትሉ እንዳደረጋችሁትም አትንገሩኝ።

እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። አሰልጣኙ ብቻውን የሚሸነፍበት ጨዋታ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ እግሩ የሚንቀጠቀጠው ወጣትም አብሮት ይሸነፋል። ጎል የገባበት በረኛም ይሸነፋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ የተሻማ ኳስ ሲመጣለት እጁን የሚያመነታው በዚህ ሽንፈት ምክንያት ነው። የጠፋው 3 ነጥብ ደግሞ ከአሰልጣኙ ጋር ሻንጣውን ይዞ አይሄድም። ሰውየው ቢባረር አዲሱ የሚረከበው ያንኑ ሰንጠረዥ፣ ያንኑ ስብስብ፣ ያንኑ የጉዳት ዝርዝር ነው። እናንተ በምኞታችሁ ያከላችሁበት ነገር ቢኖር በራሱ የማይተማመን ቡድን ነው።

ቼልሲን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. የ2022/23 የውድድር ዘመን ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አሰልጣኙ ቱኸል ጀመረው፣ መስከረም ላይ ተባረረ። ፖተር መጣ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እሱም ተባረረ። ያን ዕለት ቡድኑ 11ኛ ነበር። ደጋፊው «ተገላገልን» አለ። ብሩኖ ሳልቶር አንድ ጨዋታ መራ፣ ከዚያ ክለቡ የገዛ ጀግናውን፣ የቀድሞ ተጫዋቹን ላምፓርድን ጠራ። ላምፓርድ በ11 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ቡድኑ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። በአንድ ዓመት አራት ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የተሻለ ነገር የት አለ?

«አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ግን ቡድን ይነቃል» ትላላችሁ። አዎ፣ ብዙ ጊዜ የሚነቃ ይመስላል። ባስ ተር ዌል የተባለ የኔዘርላንድስ የኢኮኖሚ ባለሙያ ይኼንኑ ጉዳይ በአገሩ ሊግ ላይ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን ውጤት ይዞ መርምሮታል። አሰልጣኝ ያባረሩትን ክለቦች ብቻ አልነበረም ያየው። በዚያው ልክ ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትንም ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ያላባረሩትም እንደዚያው አገገሙ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድን ከወትሮ አቅሙ በታች በወረደበት ሰዓት ነው። አጥቂው የጎሉን ብረት መምታቱን ያቆማል፣ የተጎዳው ይመለሳል፣ ከባዶቹ ተጋጣሚዎች ያልቃሉ። ቡድኑ ወደ ወትሮው ይመለሳል። ምስጋናውን ግን በዚያ ሳምንት ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ይወስደዋል።

አሰልጣኝ አይነካ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያው ቼልሲ ጥር 2021 ላይ 9ኛ ሆኖ ሳለ አሰልጣኙን አሰናበተ፣ ቱኸልን አመጣ፣ ግንቦት ላይ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። የሚገባው ስንብት አለ። ስለዚህ ጥያቄው ይባረር ወይስ ይቆይ የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። በምን ዓይተን ነው የምንፈርደው? እዚህ ላይ ነው የምንሰንፈው።

ትዕግስት የሚሰብኩ ሰዎች ሁልጊዜ ፈርጉሰንን ይጠራሉ። እውነት ነው፣ ኅዳር 1986 ላይ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ መጥቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን፣ ኤፍኤ ካፑን፣ ያነሳው ግንቦት 1990 ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 1989 ላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ሰማን ብሎ የሚያሰናብተው ጨርቅ ስታዲየም ውስጥ ተዘርግቶበታል። በኋላ 13 የሊግ ዋንጫ አመጣ። ታሪኩ ያምራል። ግን እያንዳንዱ የወደቀ አሰልጣኝ ፈርጉሰን አይደለም። ታግሰውት ምንም ያላመጣ ሰው ሞልቷል፤ ስሙን ማንም ስለማያነሳው ነው የማናስታውሰው። ዝም ብሎ መታገስም እንደ መሳደቡ ያው አለማየት ነው።

ማየት ማለት ምን እንደሆነ በአርሰናል ልንገራችሁ። አሰልጣኙ አርቴታ በተከታታይ ሁለት ጊዜ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። ነሐሴ 2021 ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ፣ 9 ጎል ገባበት፣ አንድም አላገባም፣ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። «አርቴታ ይውጣ» ያላለ ደጋፊ ጥቂት ነበር። ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው ፍርዱ ትክክል ይመስላል። ግን በ2020/21 ያ 8ኛ የወጣ ቡድን የገባበት ጎል 39 ብቻ ነበር። በሊጉ ከእሱ ያነሰ የገባባቸው ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው። የኋላው መስመር ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ከፊት ነው። እንደ ሳካ ያሉ ልጆች ደግሞ በየወሩ ሲያድጉ ይታዩ ነበር። ይኼን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሦስቱ ሽንፈት አላናወጠውም። ቡድኑ ከዚያ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ከግርጌ የተነሳ ቡድን ነው።

እናንተም ቡድናችሁን እንዲህ እዩት። ተጫዋቾቹ ከአምና ዘንድሮ ተሻሽለዋል ወይስ ወርደዋል? ቡድኑ ሲመራ ኳሱን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል? ሲመራበትስ ቅያሪው ጨዋታውን የሚለውጥ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? ከቆመ ኳስ ያው ጎል፣ ከያው ማዕዘን፣ በየሳምንቱ ይገባል? የሚገባ ከሆነ ልምምድ ሜዳው ላይ የተበላሸ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ አሰልጣኙን ጠይቁት፣ አጥብቃችሁ ጠይቁት። ይኼን ሳታዩ ስኮሩን ብቻ ከስልካችሁ አንብባችሁ «ይህ ሰውዬ ኳስ አያውቅም» የምትሉ ግን፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጨዋታውን እዩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ግርሃም ፖተር ቼልሲ ውስጥ እያለ፣ የካቲት 2023 ላይ፣ እሱም ልጆቹም እንዲሞቱ የሚመኙ ስም የሌላቸው ኢሜይሎች እንደሚደርሱት ተናግሯል። ልጆቹ! ልጆቹ የትኛውን ቋሚ አሰላለፍ መረጡ? ስቲቭ ብሩስ ኒውካስል አካባቢ ያደገ፣ ክለቡንም ከልጅነቱ የሚደግፍ ሰው ነው። ጥቅምት 2021 ላይ በአሰልጣኝነት ሕይወቱ 1000ኛውን ጨዋታ መርቶ በሳምንቱ ውስጥ ክለቡን ለቀቀ። ሲለቅ ስለ ታክቲክ አይደለም ያወራው። «ወፍራም»፣ «ጎመን ራስ» እየተባለ የተወረወረበትን ስድብ ነው ያነሳው። ቤተሰቡን ሁሉ እንደጎዳ ነው የተናገረው። የኒውካስል ደጋፊ ቡድኑ ያን ዓመት ደካማ ነበር ቢል ልክ ነው፣ እኔም እስማማለሁ። የሰውየው ወፍራምነት ግን የትኛውን ጎል አስገባ?

እናንተ «እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ምን ያደርገዋል» ትላላችሁ። አንድ መስመር ብቻ ቢሆን ምንም አያደርገውም ነበር። ግን አንተም አንድ፣ እሷም አንድ፣ ያኛውም አንድ እያለ በአንድ ማታ በአሥር ሺዎች ይሆናል። የሚያነበው ደግሞ ሰውየው ብቻ አይደለም። ሚስቱ ታነበዋለች። እናቱ ታነበዋለች። ልጁ ትምህርት ቤት ይነገረዋል። ደመወዙ ትልቅ ነው የሚለውን መልስ አታምጡብኝ። ደመወዙ የሥራው ክፍያ ነው፤ ቤተሰቡን ለማሰደቢያ የተከፈለ ገንዘብ የለም።

እርስ በርሳችንስ? መበሻሸቅ የኳስ ቅመም ነው፣ ማንም አይከለክለውም። የተቀናቃኝ ደጋፊን ማብሸቅ ያለ ነው። አሁን ግን የአንድ ቡድን ደጋፊዎች «ይውጣ» እና «ይቆይ» ተብለን ተከፍለን፣ ከተቀናቃኞቻችን በላይ የምንጠላላ ሆነናል። ወንድምና ወንድም በአንድ የማያውቁት አሰልጣኝ ምክንያት የተኳረፉበት ቤት አለ። ይኼ ልክ አይደለም።

ደግሞም ይኼ ሁሉ ጩኸት ማንን እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ? ባለቤቱን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል አባቶቻችን፤ እኛ በየዓመቱ የምናደርገው ይኼንን ነው። ማንቸስተር ዩናይትድን ተመልከቱ። ፈርጉሰን በ2013 ከወጣ ወዲህ ሞይስ፣ ቫን ኻል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም ተፈራርቀዋል። ለዝውውር ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። በ2024/25 ክለቡ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ይህን ያህል ወርዶ አያውቅም። ስድስቱም ኳስ አያውቁም ነበር? የቴን ሃግን ነገር ብቻ እዩት። ሐምሌ 2024 ላይ ኃላፊዎቹ ውሉን አራዘሙለት። 4 ወር ሳይሞላ ጥቅምት ላይ አባረሩት። እሱንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ውሉን ያራዘሙት ሰዎች ስም ስንት ጊዜ ተጮኸ? ባለቤቶቹ ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን ሲገዙ ለግዢው የተበደሩትን ብዙ ገንዘብ ክለቡ ላይ እንደጫኑትስ «አሰልጣኙ ይውጣ» ከሚለው መዝሙር እኩል ይነሳል?

ዛሬ ትልልቅ ክለቦች ውስጥ ተጫዋች የሚገዛው አሰልጣኙ ብቻውን አይደለም። ግዢውን የሚመራ ስፖርት ዳይሬክተር አለ፣ የምልመላ ክፍል አለ፣ ቼኩን የሚፈርም ሰው አለ። አሰልጣኙ አጥቂ ጠይቆ አማካይ የሚመጣለት ጊዜ አለ። ቡድኑ ሲወድቅ ግን ካሜራ ፊት የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹን አናያቸውም። ስለማናያቸው አንጠይቃቸውም። አሰልጣኙን ሲያባርሩልን ደግሞ እናመሰግናቸዋለን፤ ሌላ ሁለት ዓመት ይሰጣቸዋል።

ድምፃችን አቅም የለውም እንዳትሉኝ። የካቲት 2016 ላይ የሊቨርፑል ባለቤቶች የ77 ፓውንድ ትኬት ሊያመጡ አሰቡ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ደጋፊዎች ቡድናቸው ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ ሳለ በ77ኛው ደቂቃ ተነስተው ከአንፊልድ ወጡ።  የማንንም ሽንፈት አልተመኙም። በቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ተዉት። ሚያዝያ 2021 ላይ ደግሞ 12 የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ውድድር ሊያቋቁሙ ነው ሲባል የአርሰናሉም፣ የቼልሲውም፣ የዩናይትዱም ደጋፊ በአንድ ድምፅ ተነሳ። ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። የማይበገር የሚመስለውን የቢሊየነሮች ዕቅድ ያፈረሰው ተራው ደጋፊ ነው። ይኼንን ጉልበት ይዘን ነው እንግዲህ አንድን ሰው በውፍረቱ ስንሰድብ የምናድረው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቡድናችሁ እንዲያሸንፍ ተመኙ፤ አሰልጣኙን ብትጠሉትም ተመኙ። ብትሸነፉ ተናደዱ፣ ተቹ፣ የተሳሳተውን ቅያሪ በስሙ ጥሩት። የሰውየውን መልክ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ግን ተዉ። የጻፋችሁት ስድብ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። ጓደኛችሁ ሲጽፍ ካያችሁም «ይኼ ነውር ነው» በሉት፣ አትሳቁለት። «ይውጣ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ የክለባችሁን ስፖርት ዳይሬክተር ስም ፈልጉ፤ ባለፉት ሁለት የዝውውር መስኮቶች ማንን በስንት እንደገዛ፣ ከነሱ ስንቱ እንደተሰለፈ እዩ። ከዚያ ጥያቄያችሁን ለእሱም ጻፉለት።